በውርጭ የተከፈለ የበረሃ አበል

መካነ ሰላም፣ ሰኔ 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ጀብሪል፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።

ከባድ ዜና ይዣለሁና መጀመሪያ ይቀመጡ። ቆመው ከሆነ የሚሰሙት፣ የምታነብልዎ ልጅዎ ሩፋይዳ ንባቡን ታቁምና መቀመጫ ታቅርብልዎ። ተቀመጡ? እንግዲያው በታላቅ ሐዘንና በተሰበረ ልብ የማስታውቅዎ ነገር ቢኖር፣ ከጡረታዎ ላይ ገንዘብ የበላው ሰው ታውቋል። መንግሥት አይደለም። ግብርም አይደለም። በከላላ ገበያ መሐል ቆመው ስሟን የሚያነሡት ገንዘብ ያዣችን ትንሳኤም አይደለችም። በላተኛው ቀጭን፣ ረጅም፣ ፍንጭት፣ ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ሠራተኛው ስንት ሰዓት ገባ ስንት ሰዓት ወጣ እያለ የሚመዘግብ የመንገድ ሥራ ታይም ኪፐር ነው።

እኔ ነኝ፣ ጋሽ ጀብሪል። ዑበይዳ።

አውቃለሁ፤ አሁን ሩፋይዳ ከወረቀቱ ቀና ብላ አየችዎና ሁለታችሁም ሳቃችሁ። «ይኼ ልጅ ዛሬም አላረፈም» ብለዋል። ኧረ አይሳቁብኝ! ሰው ሁሉ እየሳቀብኝ ነው ወር ሙሉ የከሳሁት። በሁሉ ነገር እቀልዳለሁ፤ በእርስዎ ጫማ ቀልጃለሁ፣ በአቶ ገበየሁ ከረባት ቀልጃለሁ፣ በራሴ ጥርስም ቀልጃለሁ። በወላሂ ግን ቀልጄ አላውቅም፤ ይህን እርስዎም ይመሰክሩልኛል። እንግዲህ ወላሂ፣ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ታሪኩን ሳልጀምር ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። በቅሎዋን አይሽጡ። ደሴም አይሂዱ። ሩፋይዳ፣ ይህን መስመር ሁለት ጊዜ አንብቢላቸው።

በቅሎዋን ሊሸጡ መሆኑን የነገረኝ ቸኮል ነው፤ የከላላው መኪና ረዳት። ያንን ልጅ ያውቁታል፣ ወሬ ካልጫነ መኪናው የማይነሣለት። ባለፈው ወር ከመኪናው ጣራ ላይ ሆኖ ጆንያ እያወረደ ጠራኝ።

«አንተ ዑበይዳ! ሽማግሌህ ተሟጋች ሆነውልሃል።»

«የትኛው ሽማግሌ?»

«ጋሽ ጀብሪል ናቸዋ! ‹ደመወዜን ሲቆርጡኝ ኖሩ፣ አሁን ጡረታዬንም ግብር ቆረጡት› እያሉ ገበያውን ይዘውታል። ‹ያቺ ገንዘብ ያዥ ዓምና አንድ ቁጥር ነገረችኝ፣ ዘንድሮ ሌላ ቁጥር መጣ። መሐሉን ማን በላው?› ይላሉ። በቅሎዋን ሸጬ፣ በወረኢሉ አድርጌ፣ ደሴ ድረስ እከሳታለሁ ብለዋል።»

«ስንት ጎደለብኝ አሉ?»

«እሱን አልሰማሁም። ብቻ ጨርሰው በሉት ነው የሚሉት» አለና ጆንያውን እግሬ ላይ ጣለው። ጆንያው እግሬ ላይ ሲያርፍ አልጮህኩም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ከባድ መሆኑን ያወቅሁት።

እንዴት እንደበላሁት ልንገርዎ። ለዚያ ግን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

መጀመሪያ ደመወዝ የተቀበልኩበትን ቀን ያስታውሳሉ? አንድ ሺህ አንድ መቶ ብር ተብዬ ነበር የተቀጠርኩት። ከትንሳኤ መስኮት የወጣልኝ ግን ዘጠኝ መቶ አምስት ብር ከሃምሳ ሳንቲም ነበር። ሃምሳ ሳንቲሟን ባየሁ ጊዜ የባሰ ተናደድኩ፤ የቀረውን ወስደው እሷን ለማላገጫ የተዉልኝ መሰለኝ። ሌባ ብዬ ጮህኩ። እርስዎ ከኋላዬ ተሰልፈው ነበር።

«ምን ሆነህ ነው የምትጮኸው?»

«ተዘረፍኩ፣ ጋሽ ጀብሪል!»

ወረቀቴን ተቀበሉና፣ ንባብ ስለማያውቁ፣ በመስኮቱ መልሰው ለትንሳኤ ሰጧት። እሷም አነበበች፤ ግብር መቶ አሥራ ሰባት ከሃምሳ፣ ጡረታ ሰባ ሰባት።

«ተሰማህ?» አሉኝ። «ግብሩ ለመንገዱ ነው። የምትሄድበት መንገድ በምን የሚሠራ መሰለህ?»

«መንገዱን የምሠራው እኔ አይደለሁም እንዴ? ድንጋይ ስቆጥር ውዬ ለድንጋዩም እከፍላለሁ?»

«አዎ።»

«ጡረታውስ?»

«እሱ ያንተው ነው። ለሽማግሌው ዑበይዳ እየላክህለት ነው።»

«ሽማግሌውን ዑበይዳ የት አውቀዋለሁ? ለማላውቀው ሰው ብር አልልክም!» ብዬ አፌን ሞልቼ መለስኩልዎ። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እርስዎም ሳቁ፤ ያቺን ትከሻዎን የምታናውጥ ሳቅ።

እኔ ግን አልበረደልኝም ነበር። ልቤ ውስጥ የተቀበረውን ያን ጊዜ አልነገርኩዎትም። ያችን ወረቀት ማደሪያዬ ወስጄ ስመረምር አንድ ጉድ አገኘሁ። ጡረታ የወሰደው ሰባ ሰባት ብር እጄ አልገባም፤ ግብሩ ግን በእሱም ላይ ታስቧል! በማግሥቱ ትንሳኤ ጋ ሄድኩ።

«ያልጠጣሁትን ሻይ ሒሳብ የምከፍለው ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ሕጉ ነው» አለችኝ፣ ከመዝገቧ ቀና ሳትል።

ቀና ሳይሉ «ሕጉ ነው» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። እርስዎ ደግሞ የሚነዱትን የመንገድ መዳመጫ፣ የዳምጠውን ሞተር እያሞቁ «ዛሬ ይቆረጥ፣ ልጄ። ጡረታ ሲመጣ ግብር አይነካውም። አንድ ጊዜ የተቆረጠ ነገር ሁለተኛ አይቆረጥም» ብለው አጽናኑኝ። ይህን ያሉኝ ራስዎ ነዎት! ታዲያ እንዴት ነው አሁን ገበያ መሐል ቆመው ጡረታዬን ግብር ቆረጠው የሚሉት? የጡረታ ብር ግብር አይነካውም። ያስተማሩኝን እርስዎ ረሱት፤ እኔ አልረሳሁትም። ከሁሉ የሚያበግነኝም ይኼው ነው።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁለት ዓመት ተቆረጥኩ። እርስዎማ ከእኔ የባሰ ነበር። የእርስዎ ደመወዝ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ስለሆነ፣ ግብሩም ጡረታውም ሲወጣ ከሦስት መቶ ስልሳ ብር በላይ ይሄዳል። ደመወዝ በጨመረ ቁጥር የግብሩም አፍ ይሰፋል፤ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ የእርስዎን ወረቀት ሳነብልዎ ነው ያየሁት። እርስዎ ግን አንድ ቀን አላማረሩም። «ሃያ ስድስት ዓመት በመንግሥት መንገድ ሥራ፣ አራት ዓመት እዚህ፤ ሠላሳ ዓመት ገፋሁት። ዳገቱ አልቋል» ይሉ ነበር።

ከዚያ አምና መስከረም ጠባና... አይ፣ አምና አይደለም፣ ዘንድሮ ነው፤ ይኸው ንዴት ዓመት ያምታታል። ዘንድሮ መስከረም በባተ በሦስተኛው ቀን አስተዳዳሪው አቶ ገበየሁ ካምፑ ግቢ ውስጥ ሰበሰበን። ጠዋት ነበር። ሣሩ ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም፤ አርባ ሁለት ሠራተኛ በጋቢና በጃኬት ተጠቅልሎ እጁ ላይ ይተነፍሳል።

«መልካም ዜና አለኝ» አለ። «ደመወዛችሁ በወረቀት ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው መነሻ ደመወዝ ይባላል። ሁለተኛው የበረሃ አበል። አበሉ ግብርም ጡረታም አይቆረጥበትም። እጃችሁ የሚገባው ይጨምራል።»

«አቶ ገበየሁ» አልኩ፣ «በረሃው የት ነው?»

«ምን?»

«የበረሃ አበል ብለዋል። ጥርሴ ለጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነው። በረሃውን ያሳዩንና ሄደን እንሙቅ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን «ወደ አባይ የሚወርድ ሰው አለ አይደል? በዚያ ሒሳብ ነው» አለ። ከአርባ ሁለታችን ወደ አባይ የሚወርዱት ሁለት ሾፌሮች ነበሩ፤ እነሱም ድንጋይ ጭነው ወርደው ለምሳ የሚመለሱ። ኩባንያው ራሱ በየደመወዛችን ላይ አሥራ አንድ እጅ ጡረታ እንደሚከፍልልንና መነሻው ሲያንስ የእሱም ክፍያ እንደሚያንስ አቶ ገበየሁ አልነገረንም። እኛም አልጠየቅንም። በዚያ ብርድ በረሃ ተሰጥቶን ምን ብለን እንጠይቅ? አጨበጨብን።

እርስዎ አላጨበጨቡም።

«እኔ ይቅርብኝ» አሉ።

«ለምን፣ ጋሽ ጀብሪል?»

«ለመውጣት ስድስት ወር ቀርቶኛል። ይችን ስድስት ወር ደመወዜን አትንኩብኝ።»

«ማን ነካው? ይጨምርልዎታል እኮ ነው የምለው!»

«ሰምቻለሁ። ይቅርብኝ።»

አቶ ገበየሁ ፊቱ ተለዋወጠ። «ለአንድ ሰው ብዬ ሁለት ዓይነት ወረቀት አልሠራም። ወይ አርባ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ፣ ወይ ማንም አያገኝም። እስከ ሐሙስ ዝርዝሩን ዑበይዳ ያምጣልኝ» ብሎ ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያውቁታል። ሰው ሁሉ ወደ እርስዎ ዞረ። አናጺው ሰዓድ ሚስቱ መውለዷን አነሣ። ሾፌሮቹ የትምህርት ቤት ደብተር አነሡ። «ለእኛ ብለው፣ ጋሽ ጀብሪል!» «እርስዎ ጨርሰው ሊሄዱ፣ እኛን ምነው?» እርስዎ ዳምጠውዎ ላይ ወጡና ሞተሩን አስነሡት። ለምን እምቢ እንዳሉ አላብራሩልንም። ቢያብራሩልን ኖሮ እንሰማ ነበር ብዬ እንዳልዋሽዎ፤ ለእኔ እጄ የሚገባው በወር ስልሳ ስድስት ብር ይጨምር ነበር፣ ጆሮዬ በእሷ ተደፍኖ ነበር።

ሐሙስ መጣ። አርባ አንድ ስም ተፈረመ። የእርስዎ ቦታ ብቻ ባዶ።

ዙህር ሰግደው እንደ ልማድዎ ዳምጠው ጥላ ሥር ጋደም አሉ። እርስዎ ሲተኙ ምን ያህል እንደሚተኙ መቼም እኔ ነኝ የማውቀው። የጫማዎን ክር ከዳምጠው ጋር ያሰርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? የማኅተሙን ቀለምና ዝርዝሩን ይዤ በእንብርክኬ ገባሁ። ቀኝ እጅዎ ደረትዎ ላይ ነበር። አውራ ጣትዎን ቀስ አድርጌ አነሣሁ፤ ቀለም አስነካሁ፤ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኳት። ሰዓድ አፉን በሁለት እጁ ይዞ ከሳቁ የተነሣ ያለቅሳል። ጣትዎን መልሼ ደረትዎ ላይ ሳስቀምጥ ሸሚዝዎ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ቀረች።

ሲነቁ ጣትዎን አዩና «አንተ የተረገምክ! ዛሬ ደግሞ በቀለም መጣህ?» ብለው ድንጋይ አነሡብኝ። ሁላችንም ሳቅን። እርስዎም ሳቁ። አርባ አንዳችን ለምን እንደምንስቅ እናውቃለን፤ እርስዎ አያውቁም። ቀለሙን በናፍታ እያሹ ሲያጠቡ፣ ዝርዝሩ አቶ ገበየሁ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ወላሂ ብዬ ነበር። ከሥራ ስንወጣ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ከዚያ ለጁምዓ አልኩ። ከዚያ ደመወዝ መጣ።

ትንሳኤ ከወትሮው መቶ ሃምሳ ሁለት ብር ጨምራ ቆጠረችልዎ። ዞር ብለው «ዑበይዳ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ጭማሪ ነው፣ ጋሽ ጀብሪል። አቶ ገበየሁ የእኛን በአበል አደረገ፣ የእርስዎን ግን ሊሸኝዎ ስለሆነ ደመወዝ ጨመረልዎ» የሚል ሆነ። እንዴት እንደተገጣጠመልኝ እኔም ገረመኝ። ትምህርት ቤት እንዲህ ቢገጥምልኝ ኖሮ ይኼን ጊዜ ዶክተር ነበርኩ።

እርስዎም ሁለት እጅዎን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። «አላህ ዕድሜህን ያርዝመው። ሽማግሌውን ዑበይዳ ለማየት ያብቃህ» አሉኝ። አሚን አልኩ። ምን ልበል?

በየካቲት መጨረሻ ሸኘንዎ። ጋቢ ሰጠንዎ፣ ንግግር አደረግሁ፣ አሳቅኩዎት። ሄዱ።

እንግዲህ ቸኮል ያንን ወሬ ካመጣልኝ ወዲህ ያለውን ይስሙ። መጀመሪያ የሄድኩት ትንሳኤ ጋ ነው።

«ትንሳኤ፣ የጋሽ ጀብሪል ጡረታ የጎደለው በእኔ ነው። ጣታቸውን ተኝተው ሳለ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ።»

«ባለፈው መኪና ተገለበጠ ብለህ በባዶ እግሬ አስሮጥከኝ» አለች። «ዛሬ ደግሞ ይችን አመጣህ? ሂድ ወዲያ!»

«እውነቴን ነው! የእኔንም ደመወዝ ወደ ድሮው መልሽው። አበል አልፈልግም። ግብሩንም ጡረታውንም ቁረጪው!»

እስክሪብቶዋን ጣለችና በመስኮቱ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተጣራች፤ «ኑ ስሙልኝ፣ ግብር ጨምሩብኝ የሚል ሰው መጣ!» ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። የግምጃ ቤቱ ሰውዬ እምባውን እየጠረገ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «የዛሬዋስ ከሁሉም ትበልጣለች» አለኝ።

ጋሽ ጀብሪል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስዋሽ አምነውኝ፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር ቀልድ ተባለብኝ። ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። በእሱም ሳቁ።

አቶ ገበየሁ ጋ ገባሁ። እሱ አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

«ዝርዝሩ ላይ ጣት አለ?» አለኝ።

«አለ።»

«የማን ነው?»

«የጋሽ ጀብሪል። ግን ተኝተው...»

«ጣት ተኝቷል፣ ነቅቷል አይባልም። ጣት ጣት ነው። ሰውየውም ሄደዋል። ዝርዝሩን ያመጣኸው አንተ ነህ፤ እንዲህ እያልክ የምትዞር ከሆነ መጀመሪያ የምትጠየቀውም አንተ ነህ። ሥራህን ሥራ።»

«የጎደለውን ክፍያ ኩባንያው ቢከፍል፣ ለደሴ ጡረታ ቢሮ ደብዳቤ ቢጻፍ...»

«በሩን ዝጋው፤ ብርድ ይገባል» አለኝ። የበረሃ አበል የሚከፍለኝ ሰውዬ!

ለሰዓድ ነገርኩት፤ «ሁላችንም ስቀናል፣ አንተ ብቻህን ምን አቃጠለህ?» ብሎ መዶሻውን አነሣ። መስጊድ ደጃፍ አንድ ሽማግሌ ያዝኩና ላማክራቸው ጀመርኩ፤ ግማሹ ላይ ሳይደርሱ ፈገግ አሉ፤ ትቼ ወጣሁ። ማታ ማታ በሐሳቤ ስደምርና ስቀንስ ከረምኩ። መነሻዎ ከአንድ ሺህ ስምንት መቶ ወደ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ወርዷል፤ ስለዚህ ጡረታዎን ሲሶውን በላሁት ብዬ ደመደምኩ። ሠላሳ ዓመት የገፉትን ዳገት በአንድ የቀለም ጠብታ አንሸራትቼ። ሩፋይዳ በዚያ ብር ነው የምትማረው፤ ይህንንም አስቤያለሁ። አንቺ ግን እንዳታለቅሺ፣ ማንበብሽን ቀጥይ፤ መጨረሻውን አልሰማሽም።

ከትናንት ወዲያ ተመልሼ ትንሳኤ ጋ ገባሁ። ምንም አላልኩም። ወንበሯ አጠገብ ያለው ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። ዓይኗን አነሣች። ጠበቀች። ምንም። አሥር ደቂቃ ሳልናገርና ሳልስቅ ተቀመጥኩ።

«አመመህ እንዴ?» አለችኝ፣ ድምፅዋ ተለውጦ።

«ዝርዝሩን አምጪው» አልኩ።

አመጣችው። የሁሉም ፊርማ ቀጥ ብሎ ተሰልፏል፤ የእርስዎ ጣት ብቻ አግድም ተጋድማለች፣ እንደ ባለቤቷ። ትንሳኤ ወረቀቱን አዙራ አዙራ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ጋሽ ጀብሪል፣ ብትጮህብኝ ይሻል ነበር።

«እናቴን» አለች ቀስ ብላ፣ «ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አንዲት ሴትዮ ‹ልጅሽ የሽማግሌ ጡረታ በልታ እንዴት ታስቀድሳለች?› ብላታለች። ወሬው ከከላላ እዚህ ደርሷል። እናቴ ሳምንቱን ሙሉ ከቤት አልወጣችም። እኔ ደግሞ ማን ላይ እንደምናደድ አጥቼ፣ አንተ ስትመጣ እስቃለሁ።»

«አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኩ።

አፉ አላለችኝም። የሒሳብ ማሽኗን ሳበችና «ና ተጠጋ» አለችኝ። ጡረታ የሚታሰበው በመጨረሻው ሦስት ዓመት ደመወዝ አማካይ ነው አለች። ሠላሳ ስድስት ወር። ከዚያ ውስጥ ሠላሳው ወር በትክክለኛው ደመወዝዎ ነው፤ የተበላሸው ስድስቱ ብቻ ነው። አማካዩ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሆነ። ለሠላሳ ዓመት አገልግሎት ከመቶ ሃምሳ አምስት እጁ ይገባዎታል። ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አምስት ብር። ዓምና የነገረችዎ ደግሞ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ነበር። ደሴ ያሉት አልተሳሳቱም፣ የተላከላቸውን ነው ያሰሉት።

ማሽኑን አየሁት። መልሳ እንድትደምር አደረግኋት። ያው ነው።

«ሃምሳ አምስት ብር?» አልኩ።

«ሃምሳ አምስት ብር» አለች። «እናቴ በሃምሳ አምስት ብር ነው የተሰደበችው?»

አሁን ደግሞ በእርስዎ ልናደድ፣ ፈቃድዎ ከሆነ። ምነው ጋሽ ጀብሪል! ገበያ ላይ ሁሉን ሲናገሩ ቁጥሯን ብቻ እንዴት ይዘላሉ? እኔ እዚህ ሲሶ ጡረታ በላሁ ብዬ ሥጋዬ አለቀ። ለሃምሳ አምስት ብር በቅሎ ይሸጣል? ደሴ ደርሰው መመለሻው፣ ማደሪያው፣ አቤቱታ ጸሐፊው የዓመቱን ይበላብዎታል እኮ! እዚህ ላይ ትንሳኤ ጻፍልኝ ያለችኝን እጽፋለሁ፤ በስድስቱ ወር ተጨማሪ የወሰዱት ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ብር ስላለ፣ እስከ አንድ ዓመት ከአራት ወር ድረስ እንኳን ሊጎዱ ተርፈዋል። ይህን ያለችው እሷ ናት። እኔ አላልኩም። እኔ የምለው፣ እርስዎ አትንኩብኝ ያሉትን እኔ ነካሁት፤ ሃምሳ አምስትም ይሁን አምስት።

ስለዚህ ያደረግሁትን ይስሙ። ተኝተው ሳለ ጣትዎን እንዳሳረፍኩ በገዛ እጄ ጽፌ ፈርሜያለሁ፤ ትንሳኤና የግምጃ ቤቱ ሰውዬ ምስክር ሆነዋል። ወረቀቷ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለች። የእርስዎ ናት፤ ደሴ ቢልኳት፣ አቶ ገበየሁን ቢከሱባት፣ እኔን ቢያስሩባት ፈቃድዎ ነው። ኩባንያው የስድስቱን ወር ልዩነት ከፍሎ ደብዳቤ ቢጽፍ እንደገና ሊታሰብልዎ ይችላል ትላለች ትንሳኤ፤ እኔም አቶ ገበየሁ በር ላይ በየወሩ እቆማለሁ። ብርድ ይግባበት።

የእኔን ደመወዝ ከሐምሌ ጀምሮ ወደ ነበረበት እንድትመልሰው ጽፌ ሰጥቻለሁ። በዚህኛው አልሳቀችም። አንድ ሺህ አንድ መቶ፣ ከነግብሩ፣ ከነጡረታው። ይቆረጥ። መናደዴን ግን አልተውኩም፤ ያልጠጣሁት ሻይ ሒሳብ አሁንም አልገባኝም።

እስኪስተካከልልዎ ድረስ ደግሞ በየወሩ ሃምሳ አምስት ብር በቸኮል እጅ እልካለሁ። በትንሳኤ ሒሳብ ብሄድ ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ ብጀምር ይበቃኝ ነበር፤ ግን ከእሷ ሒሳብ ጋር ተጣልቻለሁ። የመጀመሪያዋ ፖስታው ውስጥ ናት። ሃምሳ ብቻ ካገኙ አምስቷን ቸኮልን ይጠይቁት።

ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በሚመጣው ገበያ፣ ያን ጊዜ ቆመው በተናገሩበት ቦታ ቆመው፣ ያን ጊዜ ለሰሙት ሰዎች፣ ትንሳኤ አልበላችም ይበሉ። ማን በላ ሲሉዎ ስሜን ይጥሩ። ጮክ ብለው ይጥሩት። እናቷ ለሚመጣው እሑድ ከቤት ትውጣ።

ረመዷን ሊገባ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ይዤ ጾም መግባት ስላስፈራኝ ነው ወረቀት የጨረስኩት። አፉ ይበሉኝ፣ ጋሽ ጀብሪል። አፉ ብዬሃለሁ ቢሉ በቸኮል ይላኩልኝ፤ አልልህም ቢሉም ይላኩልኝ፤ ዝም ብቻ አይበሉኝ።

በተረፈ ከባድ ዜና ብዬ መቀመጫ ያስመጣሁልዎት ነገር፣ አሁን ተመንዝሮ ሲታይ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ያህል አልነበረም። በወር ሦስት ኪሎ ተኩል ስኳር ነው።

አክባሪዎ፣
ታይም ኪፐሩ ዑበይዳ